ከጅማ አናጺ ቤት የተሠሩ ቅስት መስኮቶች፦ እንጨቱ ይመሰገናል፣ ቅስቱ ይታረማል

የታየው ሥራ አንድ የጅማ አናጺ ቤት ለመኖሪያ ቤት የሠራቸው ስድስት የዋንዛ መስኮቶች ናቸው። ስፋታቸው 120 ሳንቲም ሲሆን፣ አናታቸው እንደ ሮማውያን ሕንፃ ግማሽ ክብ እንዲሆን ታዟል።

እንጨቱ ላይ ቅሬታ የለም። በደንብ ደርቋል፤ የመቃኑ ማዕዘንም በሚስማር ብቻ አልተያያዘም፣ ተሰክቶ በኮላ ተጣብቋል። ዝናብ በሚበዛበት ጅማ ይህ ትልቅ ነገር ነው። እርጥብ እንጨት ከተገጠመ በበጋ ሲኮማተር መጋጠሚያው ይከፈታልና።

ጉድለቱ ቅስቱ ላይ ነው። የግማሽ ክብ ከፍታ የስፋቱ ግማሽ ነው፤ ለ120 ስፋት 60 ሳንቲም። እዚህ ግን 45 ላይ ቀርቶ ጎኖቹ በዓይን ግምት ተጠጋግተዋል። ስለዚህ ቅስቱ ከቀጥተኛው መቃን ጋር በሚገናኝበት ቦታ ስብራት ይታያል። ከላይ ቦታ ካጠረ ዝቅ ያለ ቅስት መምረጥ ይሻላል፤ እሱም ቢሆን በስሌት ነው። የስፋቱ ግማሽ በራሱ ይባዛል፣ ከፍታውም በራሱ ተባዝቶ ይደመርበታል፣ ድምሩ ለከፍታው እጥፍ ይካፈላል። የሚመጣው ከክቡ መሐል እስከ ቅስቱ ያለው ርቀት ነው። ለ120 ስፋትና ለ20 ከፍታ 100 ሳንቲም ይመጣል፤ ሚስማር ተክሎ በዚያ ርዝመት ሲባጎ ማዞር ነው።

ሁለቱ ቅስቶች ደግሞ ከአንድ ሰፊ ጣውላ ተቆርጠው ጫፋቸው ላይ ተሰንጥቀዋል። የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ዕድሜ ይቆያል፤ ቀጭን ቅስት ግን አይችልም፣ ቅስቱ በሚዞርበት ቦታ የእንጨቱ ቃጫ በአጭሩ ይቆረጣልና። አምስት አምስት ቁራጭ በሁለት ድርብ ተደርጎ፣ መጋጠሚያው እንደ ጡብ ረድፍ እየተፈራረቀ ቢጣበቅ አይሰነጠቅም ነበር።

የአንዱ መስኮት ባለ 4 ሚሊ መስታወት አናቱ ላይ ተሰብሯል፤ ያለ ክፍተት ተጨናንቆ ስለገባ ነው። በካርቶን ልክ ወስዶ ዙሪያውን 3 ሚሊ መቀነስ ይበቃል።

በልስን የተሠራው የቅስቱ ቁልፍ ድንጋይ፣ ማለትም አናቱ መሐል ላይ የሚገባው ሽብልቅ፣ ጎኖቹ ትይዩ ሆነዋል። ክብደቱን ከላይ ያለው አርማታ ስለሚሸከም ቤቱን አይጎዳም፤ መልኩን ግን ያበላሻል። የሁለቱም ጎኖች መስመር ወደ ክቡ መሐል ማነጣጠር ነበረበት።

ቅስቱን ቋሚ አድርገው ከሥሩ ያሉትን ሁለት መዝጊያዎች ብቻ ተከፋች ማድረጋቸው ግን ትክክል ነው፤ ቅስት ያለው መዝጊያ ማጠፊያ የሚይዘው ታች ብቻ ስለሆነ ቶሎ ያዘነብላል።

እዚህ ቤት ማዘዝ ያዋጣል። ቅስቱ ግን በሙሉ ልኩ ኮምፖንሳቶ ላይ ተስሎ፣ በሲባጎ ተለክቶ ሳይታይ ቅድሚያ ክፍያ አይሰጥ።