የቀድሞ ባለቤት ስም ምን ያህል ያወጣል? የአንድ የብርቅዬ ግጥም መጻሕፍት ነጋዴ አገልግሎት ሲገመገም

በእጅ ማተሚያ በጥቂት ቅጂ የታተሙ የግጥም መጻሕፍትን የሚሰበስብ ሰው፣ ነጋዴን የሚመዝነው በመደርደሪያው ስፋት ሳይሆን ስለ እያንዳንዱ ቅጂ በሚጽፈው መግለጫ ነው። እዚህ የምገመግመው ነጋዴ በየወቅቱ ካታሎግ እያዘጋጀ በፖስታ የሚሸጥ ሲሆን፣ ከሌሎች የሚለየው በታዋቂ ሰዎች እጅ የነበሩ ቅጂዎችን መርጦ ማቅረቡ ነው። ከምስጋናው ጋር ወቀሳም ስላለኝ ስሙን አልጠቅስም።

የቀድሞ ባለቤት ጉዳይ በዚህ ዘርፍ ይህን ያህል ክብደት የተሰጠው ያለ ምክንያት አይደለም። እንግሊዛዊው ገጣሚና ንድፍ አውጪ ዊልያም ሞሪስ እ.ኤ.አ. በ1891 ያቋቋመው ማተሚያ ቤት፣ ኬልምስኮት ፕሬስ፣ የገጣሚውን የጆን ኪትስን ግጥሞች በ1894 ሲያትም በወረቀት 300፣ በብራና ደግሞ 7 ቅጂ ብቻ አወጣ። ኤልዛቤት ዬትስ የምትመራው የዱን ኤመር ማተሚያ ቤት በ1903 የወንድሟን የዊልያም በትለር ዬትስን ግጥሞች ያተመው በ325 ቅጂ ነበር። ቨርጂኒያ ዉልፍ በገዛ እጇ ፊደል የለቀመችለት የ1923ቱ የቲ. ኤስ. ኤልየት «ዘ ዌስት ላንድ» የሆጋርዝ ፕሬስ እትምም ወደ 460 ቅጂ ብቻ ነው። በአንድ እትም ውስጥ፣ ከብራናዎቹ በቀር፣ ወረቀቱ፣ ቀለሙና ፊደሉ በሁሉም ቅጂ አንድ ዓይነት በመሆኑ፣ አንዱን ከሌላው የሚለየው የተጠበቀበት ሁኔታና ያለፈበት እጅ ነው። እንግሊዛዊው ደራሲ ቻርልስ ላም ለወዳጁ ለገጣሚው ኮልሪጅ ያዋሳቸው መጻሕፍት በኅዳጋቸው ማስታወሻ ሞልቶባቸው ሲመለሱ ዋጋቸው ሦስት እጥፍ ሆኗል ብሎ መጻፉ ለቀልድ ቢመስልም፣ ዛሬ ገበያው የሚሠራው በዚሁ ስሌት ነው።

ከዚህ ነጋዴ የገዛሁት ዋናው መጽሐፍ ከላይ የጠቀስሁት የኬልምስኮት ኪትስ ሲሆን፣ የቀድሞ ባለቤቱ በዘመኑ ስም የነበረው አንድ ሃያሲ ነው። መግለጫው ስሙን ጠቅሶ ብቻ አላለፈም፤ ለስላሳው የብራና ሽፋን ከሐር ማሰሪያዎቹ አንዱን እንዳጣ፣ የእርሳስ ምልክቶቹ በየትኞቹ ገጾች እንደሚገኙ፣ መጽሐፉ ከሃያሲው ቤት ወጥቶ በየትኛው ጨረታ እንደተሸጠና በጨረታው ዝርዝር የተሰጠው ተራ ቁጥር ስንት እንደነበር በዝርዝር አስፍሯል። መጽሐፉ ሲደርሰኝ መጀመሪያ ያየሁት የባለቤቱ ስም ታትሞ በሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ የተለጠፈውን ትንሽ ወረቀት ነበር። እንዲህ ያለ ወረቀት ለረጅም ዓመታት በቦታው ከቆየ፣ አሲድነቱ ትይዩ በሆነው ገጽ ላይ ቡናማ ጥላ ይጥላል። በዚህ ቅጂ ጥላው ከተለጠፈው ወረቀት ጋር በልኩ የገጠመ ነበር፤ ጥላው ሰፍቶ ወይም ጠቦ ቢገኝ ኖሮ፣ ቀድሞ የነበረው ተነሥቶ ሌላ ተለጥፏል ብሎ መጠርጠር ተገቢ ይሆን ነበር። ወረቀቱ በአልትራ ቫዮሌት መብራት ሲታይም ከሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ በወረቀት ላይ የተለመደው የማንጫ ኬሚካል የሚሰጠው ደማቅ ሰማያዊ ፍካት የለውም። እኔን ከሁሉም በላይ ያስደሰቱኝ ግን ኪትስ ስለ መከር ወቅት በጻፈው የውዳሴ ግጥም (ኦድ) ስንኞች ላይ ሃያሲው የቃላቱን ምት እየቆጠረ ያኖራቸው ስስ የእርሳስ ሰረዞች ናቸው። መጽሐፉ እንደ ጌጥ ተቀምጦ እንዳልኖረ፣ በእርግጥም እንደተነበበ የሚያሳዩት እነሱ ናቸው፤ ለስሙ የተጨመረውን ዋጋ ሳላመነታ የከፈልሁትም ስለ እነሱ ነው።

ስም ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም። ቶማስ ጄምስ ዋይዝ በዘመኑ እጅግ የተከበረ የግጥም መጻሕፍት ሰብሳቢ ነበር። በ1934 ጆን ካርተርና ግራሃም ፖላርድ እሱ ወደ ገበያ ያወጣቸውን ቀጫጭን እትሞች ሲመረምሩ፣ 1847 የሚል ዓመት የታተመበት የገጣሚዋ የኤልዛቤት ባሬት ብራውኒንግ ሶኔቶች (ባለ 14 ስንኝ ግጥሞች) እትም በዚያ ዘመን ገና ሥራ ላይ ባልዋለ፣ በኬሚካል ከተዘጋጀ የእንጨት ድቁስ (ፐልፕ) በተሠራ ወረቀት ላይ የታተመ፣ ዓመቱም የሐሰት ሆኖ ተገኘ። ከሞተ በኋላም የራሱን ጎዶሎ ቅጂዎች ለመሙላት ከብሪቲሽ ሙዚየም የቆዩ የተውኔት መጻሕፍት ቅጠሎችን እየቀደደ መውሰዱ ታወቀ። እንዲህ ያለ ታሪክ ባለው ዘርፍ ውስጥ «ከእገሌ ቤተ መጻሕፍት የወጣ» የሚለውን ሐረግ ያለ ማረጋገጫ የሚቀበል ገዢ ገንዘቡን አየር ላይ ይበትናል።

ወቀሳዬም የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ያው ነጋዴ በሌላ ካታሎግ ያቀረበውን አንድ የግጥም መጽሐፍ የታወቀ ገጣሚ ንብረት እንደነበረ አድርጎ፣ ባለቤቱ ከማይታወቅ ቅጂ ከእጥፍ በላይ በሆነ ዋጋ ሸጦልኛል። መጽሐፉ ሲመጣ ግን በውስጡ የገጣሚው ፊርማም ሆነ የእጅ ጽሑፍ አልተገኘም፤ ያለው በገጾቹ መካከል የተቀመጠ አጭር ደብዳቤ ብቻ ነው። ደብዳቤው የገጣሚው ለመሆኑ አልጠራጠርም፤ ነገር ግን ያልተሰፋና ያልተለጠፈ ወረቀት ከአንዱ መጽሐፍ ወጥቶ በሌላው ውስጥ ለመግባት የሚፈልገው የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ይዘቱም ስለዚህ መጽሐፍ አንድም ቃል አይናገርም። በትክክል ቢሆን መጽሐፉና ደብዳቤው ለየብቻ ተተምነው መቅረብ ነበረባቸው። ጉዳዩን በጽሑፍ ሳነሣበት መልሱ ትሕትና የተሞላበት ቢሆንም፣ ደብዳቤውን የሸጠለት ሰው የነገረውን ከመድገም አላለፈም። በአንጻሩ መጽሐፉን ለመመለስ ስጠይቅ አላንገራገረም፤ ገንዘቤንም የማጓጓዣውን ጭምር ሙሉ በሙሉ መለሰልኝ። በ1947 የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የጥንታዊ መጻሕፍት ነጋዴዎች ሊግ አባል ነውና፣ የሊጉ የሥነ ምግባር ደንብ አባላቱን ለመግለጫቸው ትክክለኛነት ኃላፊ የሚያደርጋቸው በመሆኑ፣ ይህን እንደ ውለታ አልቆጥረውም።

ስለ አስተሻሸጉ ብዙ የሚባል የለም፤ ጥሩ ነው። ብራና እርጥበት ሲለዋወጥበት ስለሚጣመም፣ መጽሐፉን በልኩ በተሠራ ካርቶን ውስጥ አጥብቆ መላኩ ሥራውን እንደሚያውቅ ያሳያል። ዋጋው ግን ከጨረታ ጋር ሲነጻጸር ውድ ነው። ጨረታ ላይ ራሱ ለመመርመር ዓይንና ጊዜ ያለው ሰብሳቢ ያንኑ መጽሐፍ በተሻለ ዋጋ ሊያገኘው ይችላል፤ ለጀማሪ ግን ተጨማሪው ክፍያ ለምርመራው የሚከፈል ስለሆነ አይጎዳም።

ባለቤቱ በመጽሐፉ አካል ላይ አሻራውን የተወባቸውን ቅጂዎች ከዚህ ነጋዴ ያለ ሥጋት እገዛለሁ። በመሐል በገባ ደብዳቤ፣ ፎቶግራፍ ወይም የጉብኝት ካርድ ላይ ብቻ የቆመ የባለቤትነት ታሪክ ሲያቀርብ ግን ከማዘዝ በፊት የሽፋኑን ውስጠኛ ገጽና ትይዩውን ቅጠል አንድ ላይ የሚያሳይ ፎቶግራፍ፣ እንዲሁም ቅጂው የተሸጠባቸውን ጨረታዎች ዝርዝር መጠየቅ ያስፈልጋል። ሲጠየቅ ሁለቱንም ይልካል፤ በካታሎጉ ውስጥ ከመጀመሪያው ቢያትማቸው ደግሞ ይህን ያህል መጻጻፍ ባላስፈለገ ነበር።