ጎንደር ያላችሁ ቤተሰቦችና አሠሪዎች፣ ይህችን የሥራ አሠልጣኝ እወቁልኝ

ታናሽ ወንድሜ ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ ሆቴል ላውንደሪ ውስጥ ይሠራል። አንሶላና ፎጣ እያጠፈ በየፎቁ ይለያል። ቋሚ ሠራተኛ ነው፤ ደመወዙም አብረውት ከሚሠሩት እኩል ነው። የአእምሮ እድገት ውስንነት ስላለበት ዘመድ ጎረቤቱ «ይህ ልጅ ነገ ምን ሊሆን ነው?» ሲል ነበር የኖረው። ለዚህ ያበቃችውን የሥራ አሠልጣኝ በአደባባይ ማመስገን እፈልጋለሁ። ስሜ አይጻፍ ስላለች አልጠቅሰውም።

ከእሷ በፊት ወንድሜ አንድ ማሠልጠኛ ውስጥ ዓመታት አሳልፏል። ዶቃ ሰካ፣ ቅርጫት ሠራ፤ ሁልጊዜ ግን «ለሥራ ገና አልደረሰም» ነበር መልሱ። የእሷ መንገድ የዚህ ግልባጭ ነው። መጀመሪያ ትክክለኛ ሥራ ፈልጋ ታስገባለች፣ ከዚያ እዚያው ሥራው ላይ ታሠለጥናለች። አካሄዱ በ1970ዎቹና 80ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ፣ ለብቻቸው በተከለሉ ወርክሾፖች የቀሩ ሰዎችን ወደ ተራው የሥራ ቦታ ለማውጣት የተጀመረ ነው፤ በ1986 በዚያ አገር ሕግ ውስጥ ገብቷል።

ወንድሜን ከማምጣቷ በፊት ራሷ ላውንደሪው ገብታ ከሠራተኞቹ ጋር አንሶላ አጠፈች። ሥራውን በትንንሽ እርምጃ ከፋፍላ፣ እያንዳንዱን ፎቶ አንስታ ግድግዳ ላይ ለጠፈችለት፤ ማንበብ አይችልምና። ማጠፉን ወዲያው ያዘው። ያስቸገረው የትኛው ቁልል ወደየትኛው ፎቅ እንደሚሄድ መለየት ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን «አልቻለም» ብሎ ወደ ቤት ይመልሰው ነበር። እሷ መደርደሪያዎቹ ላይ ለየፎቁ የተለያየ ቀለም ያለው ጥብጣብ አሰረች፤ ችግሩ አበቃ። ዛሬ ሌሎቹም በጥብጣቡ ነው የሚሠሩት።

የምንኖረው አዘዞ ስለሆነ ታክሲውም ራሱን የቻለ ትምህርት ነበር። በመጀመሪያ አጠገቡ ተቀመጠች፣ ቀጥላ ከኋላ ወንበር፣ በመጨረሻም ፒያሳ ቀድማ ወርዳ ጠበቀችው። እናታችን በእነዚያ ቀናት ማርያምን ስትጠራ ትውል ነበር። አሁን «ወራጅ አለ» ሳይል ረዳቶቹ ያወርዱታል።

ከሁሉ የማደንቅላት ግን ቀስ በቀስ መራቋን ነው። «እኔ እዚህ ከቀረሁ ሥራው የእኔ እንጂ የእሱ አይሆንም» አለችኝ። በላውንደሪው የቆዩትን፣ ወንድሜ እትዬ የሚላቸውን ሴት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንዴት እንደሚያሠሩት ታሳያቸው ነበር፤ አንድ ነገር በአንድ ጊዜ ይንገሩት፣ ከመናገር ይልቅ ሠርተው ያሳዩት፣ አይጩኹበት። ሙሉ ቀን መምጣቷ ግማሽ ቀን ሆነ፣ ከዚያ በሳምንት አንዴ፣ አሁን በስልክ። ለጥምቀት ሆቴሉ በእንግዳ ሲሞላ፣ ልብሱ ተቆልሎ ማሽኖቹ ሲጮኹ ወንድሜ ተረበሸ። እሷም ተመልሳ መጣች፤ ጠረጴዛው ከማሽኖቹ እንዲርቅ፣ አጭር እረፍትም እንዲያገኝ ከኃላፊው ጋር ተስማምታ እንደገና ሄደች። እትዬም እስከ ዛሬ እንደ ልጃቸው ያዩታል፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው።

ለአሠሪዎች አንድ ነገር ልበል። አዋጅ ቁጥር 568/2000 አካል ጉዳተኛ ሠራተኛ የሚመች የሥራ ሁኔታ እንዲመቻችለት፣ ሲያስፈልግም ረዳት እንዲመደብለት አሠሪውን ያስገድዳል። እሷ ግን በር ስታንኳኳ አዋጁን አታስቀድምም። «ለጽድቅ ብላችሁ አትቅጠሩ፤ የጎደላችሁን ሥራ ንገሩኝና የሚሠራ ሰው ላምጣ» ነው የምትለው። በኪስ ገንዘብ ልናሠራው ካሏት ተነስታ ትሄዳለች፤ ልክ ናት።

ወላጆች፣ ስትመጣላችሁ አትቸኩሉባት። መጀመሪያ ቤት ተቀምጣ ልጁ ምን እንደሚወድ፣ ምን እንደሚያናድደው፣ ስንት ሰዓት እንደሚነሳ ትጠይቃለች። አንዱ ቦታ ካልሆነ ሌላ ትፈልጋለች። ጊዜ ከሌላትም በግልጽ ትነግራችኋለች።

ስልኳን እዚህ አልለጥፍም፤ በውስጥ መስመር ለጻፈልኝ ግን በፈቃዷ እሰጣለሁ። ሆቴል፣ ዳቦ ቤት ወይም ማተሚያ ቤት ያላችሁ ብትደውሉላት ደግሞ በጣም ደስ ይላታል። መሥራት የሚፈልጉ ሰዎች አሏት፤ የጎደላት የሚቀጥር ነው።