የኮዬ ፈጬው ሽታ ማጥፊያ፦ ቅቤው ለቀቀ፣ ጉሮሮዬ ግን...

ባለፈው ሳምንት የአንዲት ተሳፋሪ ቅቤ መኪናዬ ውስጥ ፈሰሰ። ሁለቴ በኦሞ አሳጠብኩት፤ ወይ ፍንክች! ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ዳር ያለ እጥበት ቤት “በኦዞን እናጠፋዋለን” ሲሉኝ ገባሁ።

ልጁ ምንጣፉን በውሃ ረጠብ አደረገና ኦዞኑን፣ ማለትም ሦስት የኦክስጅን አቶሞች የተጣመሩበትን ጋዝ፣ ነፋበት። ቀጥሎ 254 ናኖሜትር (የብርሃኑ የሞገድ ርዝመት) የተጻፈበት አልትራቫዮሌት አምፖል አበራ። ሹፌር ከመሆኔ በፊት ኬሚስትሪ አስተምር ነበርና ጆሮዬ ቆመ። ይህ ብርሃን ኦዞንን ይሰብረዋል። የኦክስጅን ጋዝና አንድ ጉልበት የሞላው የኦክስጅን አቶም ይወጣሉ። አቶሙ የውሃ ተን ካገኘ ሁለት ሃይድሮክሲል (አንድ ኦክስጅንና አንድ ሃይድሮጅን የተጣመሩበት ቅንጣት) ይሆናል። እሱ ደግሞ ሽታን በማሳደድ ከኦዞንም የባሰ ነው። ለካ ውሃው ለዚህ ኖሯል! ልጁ አውቆት ይሁን በዕድል አልጠየቅኩም።

ቅር ያለኝ አንድ ነገር ነው። ኦዞን ለሳንባ ጠንቅ ነው፤ እሱ ግን መኪናውን ሳያናፍስ “ግባ ጋሼ” አለኝ። ጉሮሮዬን ከረከረኝ። አራቱንም በር ከፍቼ ሩብ ሰዓት ውጭ ቆምኩ።

700 ብር ከፈልኩ። ሽታው ጠፍቷል። ቀትር ላይ ፀሐይ ሲመታው ብቻ፣ ከኋላ ወንበር ሥር፣ ትንሽ ቅቤ ቅቤ ይላል።