ሉፐስ ላለበት ፊት፦ የራስ ስብ ወይስ ፊለር?

"አንቺ ሁለቱንም ሞክረሻል፤ የቱ ይሻላል?" የሚሉኝ ሉፐስና መሰል ሕመም ያለባቸው ጓደኞቼ በዝተዋል። አንዱ ከራስ ሰውነት ተመጥጦ ፊት ውስጥ የሚገባ ስብ ነው፤ ሌላው ፊለር፣ ማለትም የጎደጎደ ፊት ለመሙላት በመርፌ የሚወጋ መሙያ። መልሴ ፊለር ነው፤ ያውም የሚሟሟው፣ ሃያሉሮኒክ አሲድ ከተባለ ንጥረ ነገር የሚሠራው።

ስቡን የሸጡልኝ "የራስሽ ስለሆነ ሰውነትሽ አይጠላውም" ብለው ነው። ሉፐስ እኮ ሰውነት የራሱን አካል የሚጠላበት በሽታ ነው! ከሆዴ ተመጥጦ ጉንጬ ውስጥ ከገባው ስብ የግራው በሦስት ወር ውስጥ አብዛኛው ጠፋ፤ የቀኙ ግን እንዳለ ቆየ። ቀጥሎ በሽታው አገረሸ፣ ፕሬድኒሶሎን የሚባለው የሉፐስ መድኃኒት ተጨመረልኝ፣ ወፈርኩ፤ የተረፈው ስብም አብሮኝ ወፈረ። ፎቶ ስነሳ ቀኝ ጉንጬን ወደ ግድግዳ ማዞር ልማዴ ሆነ።

ወደ ዋጋው እንምጣ። የከፈልኩት የአምስት ስሪንጅ ፊለር ዋጋ ነበር። ለማስተካከያ ደግሞ ግማሹን ጠየቁኝ፤ ድምሩ ሰባት ተኩል ስሪንጅ። በዓመት ሁለት ስሪንጅ ብጠቀም አራት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ይበቃኝ ነበር። የደም ምርመራውንና ከሥራ የቀረሁበትን ቀን አልቆጠርኩም።

ፊለርም ንጹሕ አይደለም። በተለይ በሽታው ሲነሳ ከወራት በኋላ ሊያብጥ ይችላል፤ ያን ጊዜ ግን ሃያሉሮኒዴዝ በሚባል ማሟሟቻ መርፌ ይሟሟል። ሁለቱም በስህተት የደም ሥር ውስጥ ከገቡ ቆዳ ሊያበላሹ፣ ዓይን ሊያጠፉ ይችላሉ፤ ስቡ ግን ማሟሟቻ የለውም።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ፊለሩ እውነተኛ ሲሆን ነው። ከስቡ በፊት በግማሽ ዋጋ የተወጋሁት ከዓይኔ ሥር ምስር የምታህል እብጠት አወጣ። ማሟሟቻው ሁለት ጊዜ ተሰጠኝ፤ ንቅንቅ አላለም። ውስጡ የነበረው ምን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። በቀዶ ጥገና ለማስወጣት የከፈልኩት እውነተኛውን ሦስት ጊዜ ያስወጋ ነበር። ስለዚህ ካርቶኑ ፊታችሁ ይከፈት፤ የካርቶኑና የስሪንጁ መለያ ቁጥር ይመሳሰል። "ዕድሜ ልክ የሚቆይ" ካሏችሁ፣ በተለይ ፈሳሽ ሲሊኮን ከሆነ፣ ቦርሳችሁን አንሥታችሁ ውጡ።

ስቡን የምመክረው ለአንድ ዓይነት ሰው ብቻ ነው፦ እንደ ስክሌሮደርማ ያለ ቆዳ የሚያደነድን በሽታ ፊቱን በጥልቅ ላጎደጎደውና በሽታው ቢያንስ ዓመት ያህል ለተኛለት። እዚያ ላይ ፊለር ማፍሰስ ገንዘብ መጨረስ ነው። በየትኛውም መንገድ ግን ቀድሞ የሚጠየቀው ሉፐሱን የሚከታተለው ሐኪም ነው፤ መድኃኒትም በራስ ፈቃድ አይቋረጥም።

እኔ ባለፈው ወር አንድ ስሪንጅ ብቻ፣ ለግራው ጉንጬ፣ ተወጋሁ። ቁጥሩ ያለበትን ተለጣፊ የመድኃኒት ደብተሬ ላይ፣ ከፕሬድኒሶሎኑ መጠን ሥር ለጥፌዋለሁ።