ስንት ገመድ ይፈልጋል? 4 የሜዳ ሬዲዮዎች ለዲጂታል ዳታ ጎን ለጎን

ባለፈው ጥቅምት ቨርጂኒያ ውስጥ ሸነንዶዋ ተራራ ላይ ነበርኩ። ሬዲዮ አለ፣ ላፕቶፕ አለ፣ ባትሪ አለ፣ ዛፍ ላይ የተወረወረ የሽቦ አንቴና አለ። አንዲት ኢሜይል በአማተር ሬዲዮ (ፈቃድ ያለው ሰው በግሉ በሚያስተላልፍበት ሬዲዮ) ልልክ ነበር ሐሳቤ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ታገልኩ። ሬዲዮው ይሰማል፣ ግን አይልክም። ሶፍትዌሩን ዘጋሁ ከፈትኩ። ላፕቶፑን አጥፍቼ አስነሳሁ። አንቴናውን አውርጄ መልሼ ሰቀልኩ። ለካ ጥፋተኛዋ ከስንዝር የማትበልጥ የኦዲዮ ኬብል ናት። ሽቦዋ ሶኬቷ ጋ ውስጥ ለውስጥ ተበጥሷል። ሬዲዮው ምንም አልሆነም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው «ለሜዳ ጠንካራ ሬዲዮ የትኛው ነው?» ሲለኝ እኔም መልሼ እጠይቀዋለሁ፦ ስንት ገመድ ይፈልጋል? በድምፅ ብቻ ለሚያወራ ሰው ጥያቄው ብዙም አያስጨንቅም። ዳታ ለሚልክ ሰው ግን ሬዲዮና ኮምፒውተር ካልተገናኙ ምንም የለም። ሜዳ ላይ ደግሞ መጀመሪያ የሚሞተው ማገናኛው ነው።

ምን ልትልኩበት ነው?

«ዲጂታል ዳታ» ሰፊ ስም ነው። ብዙ ሰው የሚጀምረው በኤፍቲ8 ነው። በ2017 የወጣ ሞድ (የመላላኪያ ዘዴ) ሲሆን የሠሩት የፊዚክስ ኖቤል ተሸላሚው ጆ ቴይለርና ስቲቭ ፍራንክ ናቸው። በ15 ሰከንድ ተራ እየተቀባበለ፣ ጆሮ ጨርሶ የማይለየውን ደካማ ሲግናል ያነባል። በ5 ዋት ውቅያኖስ መሻገር ብርቅ አይደለም። ወሬ ግን አይወራበትም። በነፃ የሚጻፈው 13 ፊደል ብቻ ነው። እንደ ቴክስት መጻጻፍ የሚፈልግ ጄኤስ8ኮልን ይጠቀማል። ኢንተርኔት በሌለበት እውነተኛ ኢሜይል መላክ የሚፈልግ ደግሞ ዊንሊንክ የሚባለውን የሬዲዮ ኢሜይል አገልግሎት ከቫራ ጋር። ቫራ ላፕቶፕ ላይ የሚጫን ሞደም ነው። ሙሉ ፍጥነቱን ለማግኘት 69 ዶላር ይከፈላል።

ይህን ሳትወስኑ ሬዲዮ አትግዙ። ከታች ካሉት አንዱ ለኤፍቲ8 ግሩም ሆኖ ለኢሜይሉ ያስቸግራል።

ሌላው ሙቀት ነው። ስናወራ ትንፋሽ እንወስዳለን፣ ሬዲዮውም አብሮን ያርፋል። ኤፍቲ8 ግን ወደ 13 ሰከንድ ያህል ያለ ፋታ በሙሉ ኃይል ይልካል። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ዋት የድምፅ ዋት ነው። ለዳታ ግማሹን አስቡ።

| | አይኮም አይሲ-705 | ሽዬጉ ጂ90 | ያኤሱ ኤፍቲ-891 | ኪውአርፒ ላብስ ኪውኤምኤክስ |
|---|---|---|---|---|
| ኃይል | 10 ዋት (በራሱ ባትሪ 5) | 20 ዋት | 100 ዋት | ከ3 እስከ 5 ዋት |
| ሳውንድ ካርድ በውስጡ | አለ | የለም | የለም | አለ |
| አንቴና ቲዩነር በውስጡ | የለም | አለ | የለም | የለም |
| ገመድ (አንቴናን ጨምሮ) | 2 (በራሱ ባትሪ) | 5 | 5 | 3 |
| ዋጋ በግምት | 1,300–1,400 ዶላር | 450 ዶላር | 650–700 ዶላር | 100 ዶላር (ሳይገጣጠም) |

ዋጋው ይወጣል ይወርዳል፤ መነሻ አድርጋችሁ ያዙት። ሳውንድ ካርድ ድምፁን በሬዲዮውና በኮምፒውተሩ መካከል የሚያቀባብል ነው፤ ቲዩነር ደግሞ አንቴናውን ከሬዲዮው ጋር የሚያስማማ።

አይሲ-705፦ ውዱ

በ2020 የወጣ፣ 1 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ሬዲዮ ነው። ከኤችኤፍ (ሩቅ ከሚደርሰው አጭር ሞገድ) እስከ 430 ሜጋኸርዝ ይደርሳል። ባትሪው ከጀርባው ቀጭ ብሎ ይገጠማል። ሳውንድ ካርዱም ጂፒኤሱም ውስጡ ናቸው። ስለዚህ ከላፕቶፑ አንድ ዩኤስቢ፣ ወደ አንቴናው አንድ ገመድ፣ አለቀ። ዋይፋይም አለው። ደብሊውኤፍቪው በሚባል ነፃ ሶፍትዌር ዩኤስቢውን እንኳ ትታችሁ በአየር ማገናኘት ትችላላችሁ። በእኔ የገመድ ሚዛን ከዚህ በላይ የለም።

ጂፒኤሱን እንደ ጌጥ እንዳታዩት። ኤፍቲ8 የኮምፒውተሩ ሰዓት ከትክክለኛው በ1 ሰከንድ ገደማ እንኳ እንዲዛነፍ አይፈልግም። ቤት ውስጥ ኢንተርኔት ያስተካክለዋል። ተራራ ላይ ማን ያስተካክለው? ጂፒኤሱ፣ ሰዓቱን ከሳተላይት ይቀበላልና። ሌሎቹን የሚገዛ ሰው ላፕቶፑ ላይ የምትሰካ ትንሽ ጂፒኤስ አብሮ ቢይዝ ጥሩ ነው። እሷም አንድ ሶኬት ትይዛለች።

ቅሬታዬን ልናገር። በዚህ ዋጋ የተገጠመለት ማይክሮ ዩኤስቢ ነው። ሜዳ ላይ ላፕቶፑ ሲጎተት መጀመሪያ የሚላላው እሱ ነው። ገመዱን ከሬዲዮው አካል ጋር በላስቲክ ብታስሩት ጉተታው ሶኬቱ ላይ አያርፍም። ቲዩነርም የለውም። ለባንዱ (ለምትልኩበት የሞገድ ክልል) ተለክቶ የተቆረጠ አንቴና ከሌላችሁ ቲዩነሩ ሌላ ወጪ፣ ሌላ ገመድ ነው።

ኪውኤምኤክስ፦ ትንሹ

ከመዳፍ አይበልጥም። በ2023 የወጣ ሲሆን ሰዉ ራሱ በካውያ እየበየደ የሚገጣጥመው ነው። እጄ ይንቀጠቀጣል ለሚል ጥቂት ጨምሮ ተገጣጥሞ ይሸጣል። 5 ባንድ፣ ውስጡ ሳውንድ ካርድ፣ ዩኤስቢ-ሲ። ሲያዳምጥ የሚበላው 80 ሚሊአምፒር ገደማ ነው። በ6 አምፒር ሰዓት ባትሪ ቀንና ሌሊት ብታዳምጡበት ሁለት ቀን ያልፋል። ከሌሎቹ ሦስቱ ይህን የሚቀርበው የለም።

በዚህ ዋጋ ይህን ሁሉ እንዴት ቻለ? ሲሠራ በአንድ ጊዜ አንድ ቶን (የድምፅ ቃና) ብቻ እንዲልክ ታስቦ ነው። ኤፍቲ8ና ጄኤስ8 እንደዚያ ስለሆኑ ተስማሙት። ቫራ ግን ብዙ ቶን በአንዴ ይልካል። በኋላ የድምፅ ሞድ የሚጨምር ፈርምዌር (የሬዲዮው የውስጥ ሶፍትዌር) መጥቶለታል። ቢሆንም ዊንሊንክ ዋና ጉዳዬ ነው ለሚል ሰው ይህን አልመክርም።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። አንደኛ፣ ሲሠራ ለ9 ወይም ለ12 ቮልት ተብሎ ነው። ሙሉ ቻርጅ የሆነ ባለ 4 ሴል ሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ ከ13 ቮልት በላይ ነው። ሳትለኩ አትሰኩ። ሁለተኛ፣ ኃይሉን የሚሰጡት ትናንሽ ትራንዚስተሮች ያልተስማማ አንቴና አይወዱም። መከላከያ ቢኖረውም አንቴና ሳይሰካ መላክ መቀለድ ነው። ደግነቱ ትራንዚስተሮቹ ርካሽ ናቸው። ካውያ የያዘ ሰው ራሱ ይቀይራቸዋል።

ጂ90፦ የእኔ

ብዙ ጊዜ እኔ የምይዘው ይህን ነው። ውስጡ ያለው ቲዩነር ድንቅ ነው። የልብስ ማስጫ ሽቦ ብትሰጡት «እሺ፣ እንሞክር» የሚል ዓይነት ነው። ከ10.5 እስከ 16.5 ቮልት ይቀበላል፤ ስለዚህ የመኪናም የሊቲየምም ባትሪ አያስፈራውም። 20 ዋት ቢልም ለኤፍቲ8 ወደ 10 አወርደዋለሁ። አለበለዚያ ጀርባው እንደ ምጣድ ይግላል። ግማሹን መቀነስ 3 ዴሲቤል ነው፤ ተቀባዩ ልዩነቱን እምብዛም አያውቀውም።

ጣጣው ገመዱ ነው። ሳውንድ ካርድ ስለሌለው ዲጂሪግን የመሰለች፣ ከክብሪት ቀፎ የማትበልጥ ሳጥን ያስፈልጋል። ከላፕቶፕ ወደ ሳጥኗ አንድ፣ ከሳጥኗ ወደ ሬዲዮው ሁለት፣ ከዚያ ባትሪና አንቴና። ሸነንዶዋ ላይ ያዋረደችኝ ኬብል ከነዚህ አንዷ ነበረች። አሁን ሬዲዮውን፣ ሳጥኗንና ገመዶቹን አንድ መክተፊያ ላይ አስሬያቸዋለሁ። ሜዳ ላይ የምነቅለው ዩኤስቢውን፣ ባትሪውንና አንቴናውን ብቻ ነው። ባለቤቴ መክተፊያዋን እስከ ዛሬ ትፈልጋለች።

ኤፍቲ-891፦ መኪና ላላችሁ

ጠንካራ ነው፣ 100 ዋት ነው። በሙሉ ኃይል ሲልክ ግን ወደ 23 አምፒር ይጠጣል። ዝም ብሎ ሲያዳምጥ እንኳ 1 አምፒር ገደማ። ይህን በጀርባ አዝሎ ተራራ መውጣት የጉልበት ሥራ ነው። ከ5 ዋት ወደ 100 መዝለል 13 ዴሲቤል ይሰጣል፤ ሲግናሉ ደካማ በሆነበት ቀን በዊንሊንክ ኢሜይል ለሚልክ ሰው ልዩነቱ የሚታይ ነው። ለኤፍቲ8 ከ30 እስከ 40 ዋት ላይ አቁሙት። ዩኤስቢ አለው፤ ግን ሬዲዮውን ለማዘዝ ብቻ ነው፣ ድምፅ አያሳልፍም። ይህን ሳያውቅ ገዝቶ የሚበሳጭ ብዙ ነው።

አራቱም ውሃ አይችሉም። ካካፋ ፌስታል ነው መፍትሔው።

አቧራና ርጭት የሚችል ከፈለጋችሁ የእጅ ሬዲዮ ማየት ይሻላል። ኬንውድ ቲኤች-ዲ75 በብሉቱዝ ከስልክ ጋር የሚገናኝ የፓኬት ሞደም ውስጡ አለው። የምትሰኩት ገመድ የለም ማለት ነው። ነገር ግን ያለ ሪፒተር (ሲግናል ተቀብሎ መልሶ የሚያስተላልፍ ጣቢያ) የሚደርሰው ዓይን እስከሚያይበት ያህል ነው፤ ተራራ ከጋረደው አለቀ። ዋጋውም ከጂ90 ይበልጣል።

ስለ ፈቃድ ባጭሩ። አሜሪካ ላላችሁ የመጀመሪያው ፈተና ቴክኒሺያን ይባላል፤ ከ35 ጥያቄ 26 መመለስ ይበቃል። እሱ በኤችኤፍ ዳታ የሚፈቅደው በ10 ሜትር ባንድ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ እነዚህን ሬዲዮዎች በደንብ ለመጠቀም ቀጣዩን ጄኔራል ያዙ። የምትልኩትን ማመስጠር ክልክል ነው፤ የንግድ ሥራም አይሠራበትም። ኢትዮጵያ ይዛችሁ ልትገቡ ካሰባችሁ ፈቃዱን አስቀድማችሁ ጨርሱ። ቦሌ ላይ ሻንጣ ተከፍቶ «ይሄ ምንድን ነው?» ሲባል ማስረዳት አይመከርም። 5 ኪሎ ካምፓስ የሚገኘው የአማተር ሬዲዮ ክበብ፣ በጥሪ ስሙ ኢቲ3ኤኤ፣ መንገዱን የሚያውቁ ሰዎች ያሉበት ነው።

የቱን ልግዛ ለሚለኝ፦ ገንዘብ ካለ 705። ኤፍቲ8 ብቻ ከሆነና ብዙ የምትራመዱ ከሆነ ኪውኤምኤክስ። የሁሉንም ትንሽ ትንሽ ለሚፈልግ ጂ90 ከዲጂሪግ ጋር፣ ከእያንዳንዱ ኬብል አንድ ተጨማሪ ሻንጣ ውስጥ።

አሮጌ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ላፕቶፓችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ሬዲዮውን ከላፕቶፑ ጋር አገናኙና ገመዱን ሶኬቱ ጋ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ወዝውዙት። ስክሪኑ ላይ ግንኙነቱ ብልጭ ድርግም ካለ ዋጋው ይውረድ ወይም ይቅርባችሁ። ሻጩ ቅር ካለው ቅር ይበለው።