ጂዳክስና ቨርቹዋል ኦሶክ፦ «አትምጡ» ማለት የሚችል አገልግሎት

ጂዳክስ ነፃ ነው፤ ይህን አስቀድሜ ልናገርና ወደ ዋናው ልግባ። የተባበሩት መንግሥታትና የአውሮፓ ኮሚሽን አብረው በ2004 (ዓመቶቹና ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የጀመሩት የአደጋ ማስጠንቀቂያና ማስተባበሪያ ሥርዓት ነው። ዌብሳይቱን ለማየት አካውንት አያስፈልግም። ኢሜይላችሁን ካስመዘገባችሁ ደግሞ የሆነ ቦታ መሬት ከተንቀጠቀጠ በደቂቃዎች ውስጥ መልእክት ይደርሳችኋል። ጎርፍም፣ አውሎ ነፋስም፣ እሳተ ገሞራም፣ ድርቅም ይከታተላል። እኔ ግን የማወራው ስለ መሬት መንቀጥቀጡ ብቻ ነው። ዓለም ሁሉ በአንድ ሌሊት ሻንጣውን አንስቶ ወደ አንድ አውሮፕላን ማረፊያ የሚሮጠው ያኔ ስለሆነ፣ የዚህ አገልግሎት ፈተናም እዚያው ላይ ነው።

መጀመሪያ ስለ ቀለሞቹ። አረንጓዴ፣ ብርቱካናማና ቀይ ናቸው። ቀይ ካያችሁ የውጭ ዕርዳታ ሳያስፈልግ አይቀርም ማለት ነው። የምወድለት ነገር ቀለሙን የሚወስነው ዜናው ሬክተር እያለ የሚጠራው ቁጥር ብቻ አለመሆኑ ነው። መንቀጥቀጡ ምን ያህል ጥልቀት ላይ እንደተነሣ፣ በአካባቢው ስንት ሰው እንደሚኖር፣ አገሩ አደጋን የመቋቋም አቅሙ ምን ያህል እንደሆነ፣ ሁሉም ሒሳብ ውስጥ ይገባል። ይህ ለምን እንደሚጠቅም ለማየት 2010ን ማስታወስ በቂ ነው። በጥር ሄይቲን የመታው 7.0 ነበር፣ በየካቲት ቺሊን የመታው 8.8። በጉልበት ካየነው የቺሊው ወደ 500 እጥፍ ይበልጣል። የሞተውን ሰው ስንቆጥር ግን ቺሊ ውስጥ በመቶዎች ነው፣ ሄይቲ ውስጥ ደግሞ በአብዛኞቹ ግምቶች ከ100 ሺህ በላይ። ቁጥሩን ብቻ ይዞ የሚሮጥ ሰው የት መሄድ እንዳለበት አያውቅም።

እንከኑን ደግሞ ልናገር። ማስጠንቀቂያውን የሚያወጣው ኮምፒውተር ነው፣ ማንም ሰው ቁጭ ብሎ አላረጋገጠውም። የመንቀጥቀጡ መጠን ሲታረም ቀለሙም ሊቀየር ይችላል። ድርጅቱ ራሱ ይህን አልደበቀም፣ ጽፎታል። ግን ማን ያነባል? የመጀመሪያውን ቀይ ምልክት ስክሪንሾት አድርጎ «ይህን ያህል ሰው አልቋል» እያለ የሚለጥፍ አይጠፋም። ቀለሙ ግምት ነው፣ ሬሳ አልቆጠረም። ይህ የአገልግሎቱ ጥፋት ነው አልልም፣ ግን «ግምት» የሚለውን ቃል ትንሽ ጎላ አድርገው ቢጽፉት ምን ነበረበት።

አሁን ወደ ጓዳው እንግባ። ቨርቹዋል ኦሶክ የሚባለው የጂዳክስ ክፍል፣ ማለትም በኢንተርኔት ላይ የሚሠራው የቦታ ማስተባበሪያ ማዕከል፣ ለሁሉም ክፍት አይደለም፣ በአደጋ ሥራ ላይ ላሉ ሰዎች ነው። ተመዝግባችሁ እስኪጸድቅላችሁ ትጠብቃላችሁ። መልኩ አያምርም፣ እውነቱን ለመናገር የድሮ ዌብሳይት ይመስላል። ያ ግን ለኔ ችግር አይደለም፤ ኢንተርኔት እንደ ልብ በማይገኝበት ቦታ የሚከፈት ነገር ቀለል ማለት አለበት። ከባድ መንቀጥቀጥ ሲደርስ ለዚያ አደጋ የተለየ ገጽ ይከፈታል። ከዚያ በየአገሩ ያሉ የነፍስ አድን ቡድኖች ሁኔታቸውን ይጽፋሉ፦ እየተከታተልን ነው፣ እየተዘጋጀን ነው፣ ተነሥተናል። ስንት ሰው፣ ስንት አነፍናፊ ውሻ፣ ስንት ቶን ዕቃ፣ የትኛው አውሮፕላን ማረፊያ፣ በስንት ሰዓት። ቪዛው እንዴት እንደሆነ፣ ጉምሩክ ምን እንደሚጠይቅ፣ የሬዲዮ ፈቃድ ከማን እንደሚገኝ እዚያው ይጻፋል። አሰልቺ ዝርዝር ሊመስል ይችላል። ግን የሬዲዮ ፈቃድ አጥቶ ዕቃው ጉምሩክ የታሰረበት ቡድን ፍርስራሽ ሥር ላለ ሰው ምንም አይጠቅምም።

ይህ ሁሉ ከየት መጣ ካላችሁ፣ በ1988 መጨረሻ አርሜኒያ ላይ ከደረሰው መንቀጥቀጥ ጀምሩ። ወደ 25 ሺህ ሰው ሞተ። ዓለም ደግሞ ግልብጥ ብሎ መጣ፣ የሚቀበለውና የሚያሰማራው ሥርዓት ግን አልነበረም። ከዚያ ልምድ በኋላ በ1991 ኢንሳራግ የተባለው የፍለጋና የነፍስ አድን ቡድኖች መረብ ተቋቋመ። አሁን ቡድኖች ፈተና ወስደው ደረጃ ይሰጣቸዋል። «ከባድ» የሚባለው ቡድን በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ላይ በአንድ ጊዜ 24 ሰዓት እየሠራ 10 ቀን መቆየት መቻል አለበት። «መካከለኛ» የሚባለው አንድ ቦታ ላይ 7 ቀን። ቀድሞ የደረሰ ቡድን አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ጠረጴዛ ዘርግቶ ሌሎቹን መቀበል ይጀምራል፣ ከተማ ውስጥ ደግሞ የቦታው ማስተባበሪያ ማዕከል ይቋቋማል። ኢንተርኔቱ ላይ ያለው ገጽ የዚያ ጠረጴዛ ጥላ ነው በሉት።

እኔ አገልግሎቱን የምመዝነው ግን ስንት ቡድን በመጥራቱ አይደለም። ስንቱን በማስቀረቱ ነው። እዚያ ገጽ ላይ ከሚጻፈው ሁሉ ውዱ መልእክት «በቂ ቡድን አለ፣ ያልተነሣችሁ ቆዩ» የሚለው ነው። ጭካኔ ይመስላል። ግን አስቡት፣ አንድ ከባድ ቡድን ምግቡንና ድንኳኑን ይዞ ቢመጣ እንኳ መኪና፣ ነዳጅ፣ ጣውላና አስተርጓሚ የሚፈልገው ከተጎዳው አገር ነው። ኔፓል በሚያዝያ 2015 በ7.8 ስትመታ ካትማንዱ ያለው ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ የነበረው አንድ መንደርደሪያ ብቻ ነው። እሱም እየተሰነጠቀ ስላስቸገረ በጣም ከባድ አውሮፕላኖች እንዳያርፉ ተከለከለ። ሰማይ ላይ ሲዞሩ ቆይተው የተመለሱም ነበሩ። እንዲህ ባለ ቦታ አንድ ትርፍ ቡድን ሲያርፍ አንድ የድንኳን ጭነት ይዘገያል። ደግሞም ከፍርስራሽ በሕይወት የሚወጣውን አብዛኛውን ሰው የሚያወጣው ጎረቤቱ ነው፣ በባዶ እጁ፣ የውጭ ቡድን ሳይደርስ።

ሞሮኮ በመስከረም 2023 መሬት ተንቀጥቅጦባት የአራት አገሮችን ዕርዳታ ብቻ ስትቀበል (ስፔን፣ ኳታር፣ ብሪታኒያና የተባበሩት ዓረብ ኤሚሬቶች) ኢንተርኔቱ ጮኸ። ያልተቀናጀ ዕርዳታ ይጎዳል ብላ ነው ምክንያት የሰጠችው። አራት ትንሽ ነው ወይስ ይበቃል የሚለው ላይ መከራከር ይቻላል፣ ተራራው ላይ ያሉ መንደሮች መንገዳቸው ተዘግቶ መጠበቃቸውም እውነት ነው። ምክንያቱ በራሱ ግን የሚሳቅበት አልነበረም።

አገልግሎቱ የማይችለውን ደግሞ እንይ። ድንበር አይከፍትም። በየካቲት 2023 ቱርክና ሶሪያ ሲመቱ የቱርክ በኩል ገጽ በቡድን ተጥለቀለቀ። ሰሜን ምዕራብ ሶሪያ ግን በጸጥታው ምክር ቤት የተፈቀደው መግቢያ ባብ አል ሃዋ ብቻ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት የመጀመሪያ የዕርዳታ መኪኖች የተሻገሩት መንቀጥቀጡ በደረሰ በሦስተኛው ቀን፣ በየካቲት 9 ነው። ሌሎች ሁለት መግቢያዎች እንዲከፈቱ የሶሪያ መንግሥት የተስማማው በየካቲት 13። የተባበሩት መንግሥታት የዕርዳታ ኃላፊ የነበሩት ማርቲን ግሪፍትዝም ያኔ የዚያን አካባቢ ሰው እንዳልደረሱለት በአደባባይ አምነዋል። ካርታው ላይ ቀይ ነበር እኮ። ቀይ መሆኑ ብቻውን በር አላስከፈተም።

ዕቃንም በደንብ አይዝም። ቡድንን ይቆጣጠራል፣ ከየቤቱ ተሰብስቦ የሚላከውን ካርቶን ግን ማንም አያስመዘግብም። እዚያው አርሜኒያ ላይ 5,000 ቶን ገደማ መድኃኒትና የሕክምና ዕቃ ተላከ። ብዙው አልተለየም፣ በማይታወቅ ቋንቋ የተጻፈበት ነበር፣ ጊዜው ያለፈበትም ነበር። 50 ሰው ስድስት ወር ሙሉ ሲለይ ከረመ። ጭነትን የሚያቀናጀው በዓለም የምግብ ፕሮግራም የሚመራው የሎጂስቲክስ ክላስተር ነው፣ እሱ የራሱ ገጽ አለው። ሁለቱን መክፈት የግድ ነው። ለምን አንድ ላይ እንደማያገናኙት አይገባኝም።

ትልቁ ቅሬታዬ ቋንቋው ነው። ሁሉ ነገር ማለት ይቻላል በእንግሊዝኛ ነው። ሄይቲ ላይ የማስተባበሪያ ስብሰባዎቹ አብዛኞቹ በእንግሊዝኛ፣ ያውም በተባበሩት መንግሥታት ግቢ ውስጥ በመካሄዳቸው የአገሩ ድርጅቶች ገብተው መናገር አቅቷቸው ነበር። አካባቢውን የሚያውቀው፣ የትኛው ሰፈር ውኃ እንዳላገኘ የሚነግራችሁ ሰው በር ላይ ቀረ። ያ ትችት ከተሰማ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ገጹ ግን ዛሬም ብዙውን የሚጽፉበት ከውጭ የሚመጡት ናቸው።

ከ5 ኮከብ 4 እሰጣለሁ፣ ለማስጠንቀቂያው ብቻ ቢሆን 4 ተኩል። ለጋዜጠኛ፣ ለዕርዳታ ሠራተኛ፣ ዘመዱ ሩቅ አገር ላለ ሰው ማስጠንቀቂያው ይጠቅማል። ስታስመዘግቡ አረንጓዴውን አትምረጡት፣ አለዚያ ኢሜይላችሁ በየቀኑ ማንም ያልተጎዳበት ንዝረት ይሞላል። ብርቱካናማና ቀይ ይበቃል። ቨርቹዋል ኦሶክ ለመግባት የምታስቡ ደግሞ በግል ሳይሆን በመሥሪያ ቤታችሁ ኢሜይል ተመዝገቡ፣ ያውም አደጋ ሳይደርስ አሁኑኑ። መሬት ከተንቀጠቀጠ በኋላ አካውንት የሚያጸድቁት ሰዎች ሌላ ሥራ አለባቸው።