ሬዲስን ከውጭ መከታተል፦ ፕሮሚቲየስና ግራፋና ከወራት አገልግሎት በኋላ

ደብረ ማርቆስ ላይ ጤፍና በርበሬ በጅምላ የሚሸጥ ድርጅት ሲስተም አስተዳድራለሁ። ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ያሉት ቅርንጫፎችም የሚሠሩት በዚሁ ሰርቨር ነው። የዕለቱ ዋጋ፣ ወረፋ የያዙ ትእዛዞች፣ ሲስተሙ ውስጥ የገባ ሠራተኛ ሁሉ ሬዲስ በሚባለው ዳታቤዝ ላይ ነው ያለው። ሬዲስ ዳታውን ራም ላይ ስለሚይዝ ይፈጥናል። ራሙ ሲሞላ ግን ቀልድ የለም። ከመስከረም ጀምሮ በሬዲስ ኤክስፖርተር፣ በፕሮሚቲየስና በግራፋና እየተከታተልኩት ነው። ሦስቱንም በነጻ ነው የምጠቀማቸው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ኤክስፖርተሩ ከሬዲስ ጎን ሆኖ በ«ኢንፎ» ትእዛዝ የሬዲስን ሁኔታ የሚያሳዩ ቁጥሮችን ይጠይቃል፤ በ9121 ፖርት ያወጣቸዋል። ፕሮሚቲየስ እየመጣ ወስዶ ያጠራቅማል፣ ግራፋና በግራፍ ይስላል። ፖርቱን ግን ለዓለም ክፍት አትተዉት፤ ካላስገባችሁበት በቀር የይለፍ ቃል የለውም። ሬዲስ የሚቀበለውን እያንዳንዱን ትእዛዝ በሚያሳየው «ሞኒተር» ቀጥታ ማየት የሚወዱም አሉ። እኔ ሥራ ላይ ባለ ሰርቨር አልሞክረውም። የሬዲስ ሰነድ ራሱ አንድ ሞኒተር ብቻ ፍጥነቱን ከግማሽ በላይ ሊቀንሰው እንደሚችል ይናገራል።

ዋናው ጥያቄ የት ይጫን የሚለው ነው። ሁሉንም አንድ ማሽን ላይ መጫን ይቀላል። ግን መብራት ሲሄድ ዘበኛውም አብሮ ይተኛል። ስለዚህ ፕሮሚቲየስና ግራፋናን ባሕር ዳር ቢሯችን ባለ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ አደረግኳቸው። ባትሪው ለአጭር ጊዜም ቢሆን መብራት ያቆያል። ሁለቱን ከተሞች የሚያገናኘው ዋየርጋርድ የሚባል ቪፒኤን (በኢንተርኔት ላይ የሚዘረጋ የተመሰጠረ መስመር) ነው።

ይህ ርቀት አንድ ጥያቄ ያመጣል። መረጃ ሲቋረጥ የሞተው ሬዲስ ነው ወይስ ኔትወርኩ? እዚህ ላይ ነው ዕቃውን የወደድኩት። ፕሮሚቲየስ «አፕ» የሚባል ቁጥር አለው፤ ኤክስፖርተሩን ማግኘት ካልቻለ ዜሮ ይሆናል። ኤክስፖርተሩ ደግሞ «ሬዲስ አፕ» የሚል የራሱ አለው። የመጀመሪያው ዜሮ ከሆነ መብራት ወይ ኔትወርክ ነው፤ ደብረ ማርቆስ ደውዬ «መብራት አለ?» እላለሁ። የመጀመሪያው አንድ ሆኖ ሁለተኛው ዜሮ ከሆነ ችግሩ ሬዲስ ጋ ነው፤ ቡናዬን ትቼ እነሳለሁ። ሁለቱን በአንድ ማስጠንቀቂያ የሚያጠቃልል ሰው ሌሊቱን ሙሉ በከንቱ ይባንናል። ማስጠንቀቂያው ከመላኩ በፊት አምስት ደቂቃ እንዲታገሥ ማድረግም ግድ ነው። የእኛ መስመር ብልጭ ድርግም ይላል።

የተቋረጠው ጊዜ መረጃ በኋላ አይመጣም፤ ግራፉ ላይ ባዶ ሆኖ ይቀራል። ሰርቨሩ ጠፍቶ ሲነሣ የሬዲስ ቆጣሪዎችም ከዜሮ ይጀምራሉ። ቆጣሪ በምን ፍጥነት እንደሚጨምር የሚያሰላው የፕሮሚቲየስ «ሬት» ይህን ስለሚረዳ ስሌቱ አይዛባም። መብራት በሚመላለስበት አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከኢንተርኔት የሚወርዱ ዝግጁ ዳሽቦርዶችን (የግራፍ ገጾችን) እንዳሉ አትመኑ። ባለ 64 ቢት ሬዲስ ከመጀመሪያው የሜሞሪ ገደብ የለውም፤ ቅንብሩ ላይ ዜሮ ተብሎ ነው የሚመጣው፣ ገደብ የለም ማለት ነው። እናም «ስንት በመቶ ሞላ» የሚለው ሥዕል ትርጉም አይኖረውም። እኔ ሁለት ጊጋ ብዬ ወሰንኩ፣ ያኔ ሥዕሉ ሰው ሆነ። «የሜሞሪ መበታተን (ሬዲስ ከማሽኑ የያዘው ራም ዳታው ከሚፈልገው ጋር ሲነጻጸር) ከ1.5 በለጠ» የሚለው ማስጠንቀቂያም ዳታው ትንሽ ሲሆን በባዶ ይጮኻል። አጠፋሁት። ያስቀረሁት ገደቡ ሲቃረብ፣ ቁልፎች (ዳታው የተቀመጠባቸው ስሞች) ከሜሞሪ መባረር ሲጀምሩና የተገናኙ ደንበኞች (ሬዲስን የሚጠቀሙ ፕሮግራሞች) ሲበዙ የሚመጣውን ነው።

የመጨረሻው ማስጠንቀቂያ ድካሜን ክሷል። ጥር ላይ የደንበኞቹ መስመር ወደ ላይ ብቻ ይሄድ ጀመር፤ ማታ ሱቅ ተዘግቶም አይወርድም። ከሌላ ቦታ የገዛነው የክፍያ ፕሮግራም ግንኙነት ከፍቶ የማይዘጋ ሆኖ ተገኘ። ግራፉን ለሻጮቹ ስልክላቸው ክርክሩ በአንድ ቀን አለቀ።

ቅሬታዬ? የመጠይቅ ቋንቋው ለጀማሪ ፈተና ነው፤ እኔ አሁንም ከምሳሌ እየገለበጥኩ ነው የምኖረው። ኤክስፖርተሩ ዘገምተኛ ትእዛዞች ስንት እንደሆኑ ይነግራል እንጂ የትኞቹ እንደሆኑ አይነግርም፤ ለዚያ ሬዲስ ውስጥ ገብቶ «ስሎውሎግ» የሚባለውን የዘገምተኛ ትእዛዞች መዝገብ ማየት ነው። ፕሮሚቲየስ ካልነገሩት መረጃ የሚይዘው 15 ቀን ብቻ ነው። ወደ አንድ ዓመት ስላሳደግኩት የገናንና የፋሲካን ሳምንት ጎን ለጎን ማየት ችያለሁ።

ሬዲስን ለጊዜያዊ ማስቀመጫ ብቻ የሚጠቀም፣ አንድ ሰርቨር ያለው ሰው ይህ ሁሉ አያስፈልገውም። አልፎ አልፎ «ኢንፎ» ማለት ይበቃዋል።

ባሕር ዳር ራሱ ኔትወርክ ሲያጣ ግን ማስጠንቀቂያው ቴሌግራም ላይ አይደርስም። ለዚህ ሁልጊዜ የሚጮኽ አንድ ማስጠንቀቂያ ሠርቻለሁ፤ ጠዋትና ማታ «አለሁ» የሚል መልእክት ይልካል። ካልመጣ ላፕቶፑን የሚያይ ሰው እልካለሁ።